ስድቡ በአዳራሽ፣ ይቅርታው በደረጃ

አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተበታትኗል፤ ግድግዳው ላይ የበራው ሰንጠረዥ የእኔ ሥራ ነው። አንድ ባልደረባዬ እጁን አነሳና ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣ «ይህ ቁጥር ባለፈው ካየነው ጋር አይገናኝም፤ ሪፖርቱ እንዲያምር የተነካካ ነገር አለ» አለ። ማን እንደነካካው መናገር አላስፈለገውም። ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ ሰንጠረዡን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። አንዷ ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ ማስታወሻ ደብተሯ መለሰች። ከቃሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የማይረሳኝ የእሷ ዓይን መስበር ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ያው ሰው ደረጃ ላይ አገኘኝ። «ያን ዕለት የተናገርኩት… የድሮውን ፋይል ከፍቼ ኖሯል። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ፣ በሹክሹክታ። ከላይ ሰው ሲወርድ ሲሰማ ዝም አለ፤ ሰውየው እስኪያልፍ ጠበቀና ቀጠለ። «ችግር የለም» አልኩት። ከልቤ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስህተቱም ማንም ሊሠራው የሚችል ስህተት ነው። ታዲያ ምን ጎደለኝ? ስገላበጥ አድሬ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ ስድቡን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶታል፤ ይቅርታውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ስለ ክብር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በሌላ ዘመን፣ በሌላ አገር የኖሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፉት ማወቅ ፈልጌ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ያስቆመኝ የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር ነው። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው በኢሊያድ መክፈቻ ላይ የግሪኮች ጦር አዝማች አጋሜምኖን፣ ለጀግናው ተዋጊ ለአኪለስ የክብር ድርሻ ሆና የተሰጠችውን ምርኮኛዋን ብሪሴይስን በጉባኤ ፊት ይወስድበታል። አኪለስም ከጦርነቱ ወጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል። ግሪኮች መሸነፍ ሲጀምሩ አጋሜምኖን የካሳ ዝርዝር አስይዞ መልእክተኞች ይልካል፦ ባለሦስት እግር የነሐስ ማሰሮ 7፣ ወርቅ 10 ታለንት፣ ድስት 20፣ በእሽቅድምድም ያሸነፉ ፈረሶች 12፣ ሴቶች 7፣ ከተሞች 7፤ ከዚህም ሌላ ከሴት ልጆቹ አንዷን ይድርለታል። አኪለስ ሁሉንም እምቢ ይላል።

ድሮ ይህን ሳነብ አኪለስ ግትር ሰው ነው ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ግን ዓይኔ የገባው ካሳው የቀረበበት ቦታ ነው። ውርደቱ በጉባኤ፣ ካሳው በሌሊት በድንኳን፣ ያውም በሌላ ሰው አፍ። አጋሜምኖን ራሱ አልመጣም። አኪለስ ለመልእክተኞቹ መልሱን ሲሰጥ፣ የነገርኳችሁን ሁሉ በግልጽ ንገሩት፣ ሌሎቹም ሰምተው ይቆጡ ይላል። የፈለገው ጆሮ ነው፣ የብዙ ሰው ጆሮ። አጋሜምኖን በሠራዊቱ ፊት ስለ በደሉ የሚናገረው በ19ኛው ክፍል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አኪለስን ወደ ጦርነት የመለሰው የጓደኛው የፓትሮክሎስ ሞት እንጂ ንግግሩ አልነበረም።

ብሪሴይስን ግን የጠየቃት የለም። ከማሰሮውና ከፈረሱ ጋር ነው የተቆጠረችው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ሆሜር ለክብር የሚጠቀምበት ቃል «ቲሜ» ነው። በግሪክኛ ይኸው ቃል ዋጋም ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ወደ ራሳችን ቋንቋ ዞር አልኩ። እኛስ? ሰው ሀብት ሲያገኝ «ከበረ» እንላለን፤ ባለጸጋው «ከበርቴ» ነው፤ አልማዙ «የከበረ ድንጋይ» ነው። ከዚሁ ሥር የወጣውን ቃል ነው «ክብሬን ነካ» ስንል የምንናገረው። በዕብራይስጥ ደግሞ ክብር «ካቮድ» ይባላል፤ ሥሩ መክበድ ነው፤ የእኛው «ከበደ» የዚያ ቃል ዘመድ ነው። አማርኛ ይህንን ምስል አልጣለውም። ክብር የሌለውን «ቀላል ሰው» እንለዋለን፤ መናቅ «ማቃለል» ነው፤ የተዋረደ ሰው «ሰው ፊት ቀለልኩ» ይላል። እኔም በዚያ አዳራሽ የሆንኩት ይህንን ነው። ቀለልኩ። ክብደት ደግሞ ሰው ለራሱ ሊናገረው አይችልም፤ የግድ ሚዛን ላይ መውጣት አለበት፤ ሚዛኑ ያለውም በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። በየአገሩና በየዘመኑ ስለ ክብር ሳነብ ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፦ ሚዛኑን የያዘው ማን ነው?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ሚዛኑን የያዙት መኳንንቱ ነበሩ። በ1726 ጸሐፊው ቮልቴር ከአንድ የሮሃን ቤተሰብ መኳንንት ጋር በስም ጉዳይ ቃል ተለዋወጠ። መኳንንቱ አሽከሮቹን ልኮ በበትር አስደበደበው፤ እሱ ከሠረገላው ሳይወርድ እያየ። ቮልቴር ፍልሚያ ልጋጠመው ብሎ ተነሳ። በዚያ ዘመን ደንብ የተዋረደ ሰው ክብሩን የሚያስመልሰው የሰደበውን ሰው ለሁለት ሰው ፍልሚያ በመጥራት ነበር፤ የሚጠራው ግን እኩያውን ነው። የበታቹ ቢሳደብ በትር እንጂ ሰይፍ አይመዘዝለትም። እናም ቮልቴር መሣሪያ የያዘ ጠላት ፋንታ የባስቲልን እስር ቤት አገኘ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ዱላው ከአካሉ ይልቅ የጎዳው ትርጉሙ ይመስለኛል። አንተ ለመገደል እንኳ አትመጥንም ማለት ነበር።

የፍልሚያው ደንብ የማያምኑበትን ሰዎች ሳይቀር ይገድል ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው አሌክሳንደር ሃሚልተን የመጀመሪያ ልጁን ፊሊፕን በ1801 በፍልሚያ አጥቷል፤ ልጁ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1804፣ በወቅቱ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ከነበረው ከአሮን በር ጋር ኒው ጀርሲ ውስጥ ዊሃውከን በተባለ ቦታ ሽጉጥ ይዞ ተጋጠመና በማግስቱ ሞተ። ከፍልሚያው በፊት ጽፎ ባስቀመጠው ወረቀት ላይ ሃይማኖቱም ሥነ ምግባሩም ይህን ድርጊት አጥብቀው እንደሚቃወሙ ገልጿል። ሚስትና ልጆች እንዳሉት፣ ዕዳ እንዳለበት ይዘረዝራል። ሆኖም ወደፊት በሕዝብ ጉዳይ ላይ ለመጥቀም የሚችለው ባይቀር እንደሆነ ይናገራል። ያንን ወረቀት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አስተዋይ ሰው ነው፣ ነገሩ ስህተት መሆኑን ያውቃል፣ ነገር ግን ሚዛኑ በእጁ አይደለም። ቢቀር ይቀልላል። የቀለለ ሰው ደግሞ ማን ይሰማዋል?

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ እንዴት እንደተለወጠ ሳነብ ነው ደረጃ ላይ ያገኘኝ ባልደረባዬ ትዝ ያለኝ። በ1843 ሁለት የጦር መኮንኖች ተጋጠሙና አንዱ ሞተ። ሚስቶቻቸው እህትማማቾች ነበሩ። አገሩ ተቆጣ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1844፣ የጦር ሠራዊቱ ደንብ ተሻሻለ። ፍልሚያን መከልከል ብቻውን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሕግም ሃይማኖትም ለዘመናት ሲከለክሉት ኖረዋል። አዲሱ ነገር ሌላ ነው፤ ሌላውን የበደለ ወይም የሰደበ መኮንን በግልጽ ማስረዳቱ፣ ይቅርታ መጠየቁና መካሱ ክብር ላለው ሰው የሚገባ ነው ብሎ ደንቡ ጻፈ። ይቅርታን ከፈሪነት ዝርዝር አውጥቶ ወደ ክብር ዝርዝር አዛወረው።

ባልደረባዬ ሰው ሲወርድ ዝም ያለው ለምን ነበር? እሱም መቅለል ፈርቶ ነው። በእሱ ሚዛን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይቀልላል። ስለዚህ የእኔን ክብደት ሲመልስልኝ የራሱን እንዳያጣ ሰው የማያይበት ቦታ ፈለገ። ይህን ስረዳ ቂሜ ግማሹ ለቀቀኝ።

እዚህ ላይ የአንድ ሕዝብ የክብር ሐሳብ አንድ ወጥ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት እንደሆነ መናገር እፈልጋለሁ። «ጃፓኖች ስለ ክብር እንዲህ ያስባሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስሰማ 47ቱ ሮኒን፣ ጌታ አልባ ሳሙራዮች፣ ትዝ ይሉኛል። በ1701 አሳኖ ናጋኖሪ የተባለ መስፍን በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) ቤተ መንግሥት ኪራ የተባለውን ሹም በሰይፍ አቆሰለው፤ በዚያው ቀን ራሱን እንዲገድል ተፈረደበት። ጌታቸውን ያጡት ሳሙራዮች ጊዜ ጠብቀው በ1703 መጀመሪያ ላይ የኪራን ቤት ሰብረው ገብተው ገደሉት፤ የተቆረጠ ጭንቅላቱንም ወስደው በጌታቸው መቃብር ላይ አኖሩት። ከዚያም ራሳቸውን እንዲገድሉ ተፈረደባቸው። በዓለም የታወቀው ታሪክ እስከዚህ ድረስ ነው። የተከተለው ክርክር ግን ብዙም አይነገርም። የዘመኑ ምሁር ኦግዩ ሶራይ ለጌታቸው ያላቸው ታማኝነት ቢያስከብራቸውም ሕግ ስለጣሱ መሞት አለባቸው አለ። ሌላው ምሁር ሳቶ ናኦካታ የበቀሉ መሠረት ራሱ ስህተት ነው ብሎ ተከራከረ፤ አሳኖ የሞተው በመንግሥት ፍርድ እንጂ በኪራ እጅ አይደለምና። ሳሙራዩ ያማሞቶ ጹኔቶሞ ደግሞ የወቀሳቸው በመዘግየታቸው ነው፤ ኪራ በመካከሉ በበሽታ ቢሞትስ ኖሮ? አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፣ አንድ መደብ፤ ሆኖም ሦስቱም በተለያየ ሚዛን መዘኑ።

አልባኒያ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረችኝ። በሰሜኑ ተራሮች ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ በኖረው «ካኑን» በሚባለው ሕግ መሠረት ደም በደም ይመለሳል። ደም ያለበት ቤተሰብ ወንዶች ከቤት መውጣት ስለማይችሉ በድንጋይ ግንብ ውስጥ ተዘግተው ይኖሩ ነበር። ይኸው ሕግ ደግሞ ቤት የእግዚአብሔርና የእንግዳ ነው ይላል፤ ለእንግዳ የተሰጠ ቃል፣ «ቤሳ» የሚሉት፣ አይታጠፍም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች አገሪቱን ሲይዙ አልባኒያውያን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከየአገሩ ሸሽተው የመጡ አይሁዶችን በየቤታቸው ደበቁ። ጦርነቱ ሲያልቅ አልባኒያ ውስጥ የነበሩት አይሁዶች ከጦርነቱ በፊት ከነበሩት ይበልጡ ነበር። እንግዳውን አሳልፎ የሰጠ ሰው በመንደሩ ፊት ምን ይዞ ይቆማል? አንዱን ልጅ ግንብ ውስጥ የዘጋው ኃይል ለሌላው ልጅ በር ከፍቶለታል። ስለ ክብር ክፉውን ብቻ የሚናገር ሰው ስሰማ ይህን አነሳበታለሁ፤ በጎውን ብቻ የሚናገረውንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ብሪሴይስ ልመለስ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 1965፣ ሲሲሊ ውስጥ አልካሞ በምትባል ከተማ፣ ፍራንካ ቪዮላ የተባለች የ17 ዓመት ልጅ ከቤቷ ተጠለፈች። ጠላፊው ቀድሞ ታጭታለት የነበረ፣ አባቷ ግን ነገሩን ያፈረሰበት ሰው ነው፤ የታጠቁ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ከሳምንት በላይ ተዘግታ ቆየች፤ ተደፈረች። በጊዜው የነበረው የጣልያን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 544 የደፈረ ሰው የደፈራትን ካገባ ከቅጣት ነጻ ያወጣው ነበር። የአገሬው ሰው «ጠጋኝ ጋብቻ» ይለዋል፤ የተቀደደው ክብር የሚጠገንበት ማለት ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 587 ደግሞ ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እህቱን ስለ «ክብር» የገደለ ሰው ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ ይታሰር ነበር።

ከተማው ሠርግ ጠበቀ። ፍራንካ አላገባም አለች። አባቷም ከጎኗ ቆመ። ወይን እርሻቸው ተቃጠለ፣ ማስፈራሪያ ደረሳቸው፣ ጎረቤት ሸሻቸው። እሷ ፍርድ ቤት ቀረበች፤ ሰውየውም በ1966 በ11 ዓመት እስራት ተቀጣ። በዚያ ጊዜ የተናገረችው ነገር በጣልያን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ክብሩን የሚያጣው ያን ያደረገ ሰው እንጂ የተደረገባት ሴት አይደለችም አለች።

የዚህን ንግግር ክብደት ሰው ልብ ብሎ እንዲያየው እፈልጋለሁ። «ክብር ዋጋ የለውም» አላለችም። «ስለ ሰው አፍ ግድ የለኝም» አላለችም። ሚዛኑን ይዛ ገለበጠችው። አካሏ ውስጥ ተቀብሮ ነበር የተባለውን የወንዶቹን ክብር አውጥታ ባለቤቶቹ ላይ አስቀመጠችው፤ እነሆ፣ ራሳችሁ ተሸከሙት። ከዚያ ጉባኤ ብሪሴይስ ተነስታ ብትናገር ይህንኑ የምትናገር ይመስለኛል። የአባቷም ነገር ያስገርመኛል። በከተማው ሚዛን ልጁ ስትጠለፍ አንድ ጊዜ፣ ጋብቻውን ሲከለክል ሁለተኛ ጊዜ ቀልሏል። እሱ ግን ሌላ ሚዛን መረጠ፤ የልጁን ዓይን።

ሁለቱ አንቀጾች የተሰረዙት በ1981 ነው። አስገድዶ መድፈር በጣልያን ሕግ በሕዝብ ሥነ ምግባር ላይ ሳይሆን በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል ተብሎ የተጻፈው ደግሞ በ1996። ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል።

ዛሬ ብዙ ሰዎች «ክብር» የሚለው ነገር ያለፈበት ነው፤ የሚበቃን ማንም ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ሰብዓዊ ክብር ነው ይላሉ። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አንደኛው ሰዎች የሚሰጡትና የሚነሱት፣ ሁለተኛው ማንም የማይነካው። አማርኛ ሁለቱንም «ክብር» ይላቸዋል። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 1 በአማርኛ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ሲወለድ ነጻና በክብርና በመብትም እኩልነት ያለው ነው ይላል። ያው ቃል ነው። የመኳንንቱ ክብርና ገና ያልታጠበው ሕፃን ክብር በአንድ ቃል ተጠሩ። ይህን እንደ ቋንቋችን ድህነት የሚያዩት አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ለቮልቴር የተነፈገው ነገር በዚህ አንቀጽ ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ያውም በዚያው ከባድ ቃል፣ ቀለል ባለ ምትክ አይደለም።

ሆኖም አንደኛው ሁለተኛውን ይተካል ማለት አልችልም። ያን ሌሊት ስገላበጥ ሰብዓዊ ክብሬን የወሰደብኝ ሰው አልነበረም። ያጣሁት በአሥራ ሦስት ሰዎች ዘንድ የነበረኝን ስም ነው። ያንን የሚመልስ አንቀጽ የለም፤ የሚመልሰው የሰው አፍ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አንድ ነገር መጣብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያ ሥራዋ የሆነ አንዲት ወጣት በእኔ ሥር ትሠራ ነበር። በስብሰባ ላይ፣ ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ፣ የላከችው ደብዳቤ ላይ ያለውን የተሳሳተ ቀን እያሳየሁ፣ «ቀን አንብቦ መገልበጥ የማይችል ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩ። በኋላ ሳየው የተሳሳተውን ቀን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቢሮዬ ጠራኋት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሩን መዝጋቴ ለእሷ አክብሮት መስሎኝ ነበር። «ኧረ ምንም አይደል» ብላ ፈገግ አለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀች።

አድራሻዋን ፈልጌ ጻፍኩላት። ከዘጠኙ አምስቱ አሁንም አብረውኝ ይሠራሉ፤ ፈቃድሽ ከሆነ በስብሰባ ላይ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ልነግራቸው እፈልጋለሁ አልኳት። በሁለተኛው ቀን መለሰችልኝ፦ «እነሱስ ረስተውታል። ያን ዕለት ማታ ቤት ገብቼ እያለቀስኩ የነገርኳት ለእናቴ ነው። እስከ ዛሬ ስምዎን አትጠራም፤ ‹ያቺ አለቃሽ› ነው የምትለው። ከነገሩ ለእሷ ይንገሩልኝ።» ከሥር ስልክ ቁጥር አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። አራት ጊዜ ጠራ። «ሄሎ፣ ማን ልበል?» አሉ እናትየው። ስሜን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ስሜ ምንም አላላቸውም። «የልጅዎ አለቃ የነበርኩት ነኝ» አልኩ። በስተጀርባ ሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ድምፁ ቀነሰ፣ ከዚያም ጠፋ።

«እየሰማሁሽ ነው» አሉ።